ለጊዜው ይቆይ

የመካኒሳ ሰው ያንን የድንጋይ ቤት እስከ ዛሬ «ማዘጋጃ» ነው የሚለው። በንጉሡ ዘመን የማዘጋጃ ቤት ቅርንጫፍ ሆኖ ተሠራ። በደርግ ጊዜ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሆነ። ከዚያ ወዲህ የወጣቶች ማዕከልም፣ የስኳርና የዘይት ማከፋፈያም ሆኖ ያውቃል፤ ጥቂት ዓመታትም ተዘግቶ ከርሟል። አሁን ግንባሩ ላይ «የአካባቢ ታሪክ ሙዚየም» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሎበታል። ሰሌዳው ከተሰቀለ አራት ዓመት ቢሞላውም የታክሲ ረዳቶች ዛሬም «ማዘጋጃ ወራጅ አለ?» ብለው ነው የሚጠይቁት።

ውዳሴ በዚህ ቤት የቅርስ መዝጋቢ ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ታሪክ አጥንታለች፤ ሥራ ያገኘችው ግን ከተመረቀች ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ለእያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር ትሰጣለች፣ ትንሽ ወረቀት በክር ታስርበታለች፣ ከየት እንደመጣ በመዝገብ ትጽፋለች። የድሮ ማኅተሞች፣ የራሽን ካርዶች፣ ስብሰባ ሲጠራ የሚደወል የሐዲድ ብረት፣ «ሀ» ፊደሉ የጠፋበት የጽሕፈት መኪና። ሥራውን የወደደችው ዕቃዎቹ ስለማያናግሯት ነው። ሰው ሲያናግራት ወደ መሬት እያየች ነው የምትመልሰው፤ መልሷም ብዙ ጊዜ እዚያው አንገቷ ሥር ይቀራል።

«አንቺ ልጅ፣ ድምፅሽን ምን በላው?» ይሏታል እማማ ጤናዬ በየጠዋቱ፣ መወልወያቸውን ተደግፈው። «ባል ሲጠይቅሽ በምልክት ነው እሺ የምትዪው?»

እማማ ጤናዬ የቤቱ ጽዳት ናቸው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ጡረታ ከወጡ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ግን ጠዋት ጠዋት መምጣታቸውን አልተዉም፤ አይምጡ ያላቸውም የለም። ከእንጨት የተሠራውን ወለል በሰም ይወለውላሉ፣ መስኮት ያጸዳሉ፣ ከኋላ ክፍል የቆመውን አረንጓዴ የብረት ቁምሳጥን ሳይቀር ከአናቱ እስከ እግሩ ያብሱታል። ቁምሳጥኑ ቁልፉ የጠፋው መንግሥት በተለወጠ ጊዜ ነው። ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም።

ከሁሉ በፊት ግን የሚያደርጉት አንድ ነገር አለ። ገና እንደገቡ የጎኑን በር ይከፍቱና እንዳይዘጋ ድንጋይ ያስጠጉበታል። ያን በር ከእሳቸው ሌላ የሚነካው የለም። ነፋስ ይገባበታል፣ በክረምት ዝናብ ይገባበታል፤ እሳቸው የገባውን ውኃ ያደርቃሉ እንጂ በሩን አይዘጉም።

ምክንያቱን ለውዳሴ የነገሯት በተቀጠረች በሳምንቱ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም በወር አንዴ ሳይነግሯት አይቀሩም። የበኩር ልጃቸው ቦንሳ፣ ገና በአሥራ ስምንት ዓመቱ፣ በ1980 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ለዘመቻ የተመዘገበው እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ነው። ተመዝግበው ሲያበቁ ልጆቹን በጎን በር እያወጡ መኪና ላይ ጫኗቸው።

«ዞር ብሎ አየኝና ‹እማ፣ በዚሁ ነው የምመለሰው፤ እዚሁ ጠብቂኝ› አለኝ» ይላሉ። «እኔም ይኸው።»

ልጃቸው ሶሬቲ ጎፋ ኮንዶሚኒየም ቤት አላት። እንውሰድሽ ብላ ለምናቸው ታክታለች። እሳቸው ግን ከማዘጋጃው ጓሮ ያለችውን የቀበሌ ቤት አልለቅም አሉ። ቦንሳ ቢመጣ ጎፋን በምን ያውቃታል? እሱ ሲሄድ እዚያ ገደል ነበር።

ሐሙስ ዕለት፣ ሐምሌ ውስጥ፣ ቁልፍ ሠሪ ተጠርቶ ቁምሳጥኑ ተከፈተ። ውስጡ ያለው ወረቀት ሰኞ ወደ ቤተ መዛግብት ሊወሰድ መኪና ተይዞለት ስለነበር ውዳሴ በሦስት ቀን ዘርዝራ መጨረስ ነበረባት። ውጭ ዝናቡ አላባራ ብሏል። እማማ ጤናዬ አዳራሹ ውስጥ ወለል ይወለውላሉ። ውዳሴ የስብሰባ ቃለ ጉባኤውን፣ የስኳር ማደያ ዝርዝሩን፣ ከሰልፍ የቀሩ ሰዎች መዝገቡን እያነሳች ስትዘረዝር ቆየች፤ ከሰዓት በኋላ ላይ አንድ ቡናማ አቃፊ አገኘች። አቃፊው ውስጥ አንድ ወረቀት ብቻ ነበር።

ወረቀቱ በጽሕፈት መኪና የተጻፈ ነው። ወታደር ቦንሳ ጉርሜሳ በተሰማሩበት ግዳጅ ላይ ሳሉ ታኅሣሥ 14 ቀን 1981 ዓ.ም. መሰዋታቸውን ይገልጽና ለቤተሰቦቻቸው እንዲነገር ያሳስባል። ከግርጌው በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በእጅ ጽሑፍ፣ «ለጊዜው ይቆይ። አራስ ናት።» ይላል። ከሥሩ 9/6/81 የሚል ቀንና ፊርማ አለ።

ፊርማውን ለማወቅ ሁለት ጊዜ ማየት አላስፈለጋትም። የዓሣ መንጠቆ የሚመስል ፊርማ ነው። የዓመት ፈቃድ ስትጠይቅ፣ ክርና ሙጫ ስታወጣ፣ በየጊዜው የምታየው የጋሽ ማሞ ፊርማ።

«ምነው ዝም አልሽ?» አሉ እማማ ጤናዬ ከአዳራሹ። ከዚያ ራሳቸው ሳቁ። «መቼ ተናግረሽ ታውቂያለሽ ደግሞ!»

ውዳሴ አቃፊውን ዘጋችው።

ጋሽ ማሞ የሙዚየሙ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። በዚያን ጊዜ የቀበሌው ጸሐፊ ነበሩ፤ ስለዚህ የትኛው ወንበር የማን እንደነበር የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ቁጡ ሰው ናቸው። ለተጣመመ ሥዕል፣ ለተረሳ መብራት፣ ለዘገየ ጥበቃ ይቆጣሉ። በጎኑ በር ግን አንድ ቀን ተናግረው አያውቁም። ውዳሴ ይህን ያስተዋለችው ያን ዕለት ማታ፣ በብስራተ ገብርኤል ታክሲ ውስጥ በሩ አጠገብ ተጣብባ ተቀምጣ ነው።

ለጋሽ ማሞ ልትነግራቸው ብዙ ጊዜ በልቧ ተለማመደች። አልሆነላትም። አርብ ጠዋት ቀድማ ገብታ አቃፊውን ከፈተችና ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጣላቸው ወጣች።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ጠሯት። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አድርገውታል።

«በሩን ዝጊው። እሷ የት ናት?»

«ፊት ለፊት መስኮት እያጸዱ ነው።»

ጋሽ ማሞ ወረቀቱን ሳይሆን ጣታቸውን እያዩ ተናገሩ። ደብዳቤው በደረሰ ማግስት እሳቸው፣ የቀበሌው ሊቀመንበርና ሁለት ሽማግሌዎች ማልደው ሄዱ። የጤናዬ ባል ጉርሜሳ ከሞተ ገና ሦስተኛ ወሩ ነበር። ከደጇ ሲደርሱ ከውስጥ እልልታ ሰሙ። ሌሊቱን ሴት ልጅ ተገላግላ ነበር። ሴቶቹ ሲያዩዋቸው ሊጠይቁ የመጡ መስሏቸው እየጎተቱ አስገቧቸው።

«ምን እንበል? ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነው። ‹እንኳን ማርያም ማረችሽ› አልን። ገንፎ ቀረበልን። በላን። ወጥተን መከርን። ክርስትናው ይለፍ አልን። ሰማንያ ቀን ነው፤ ይደርሳል። ክርስትናው ከፋሲካ በሳምንቱ ሆነ። ክርስትናው ባለፈ በአሥር ቀኑ ያ የግንቦቱ ግልበጣ ተሞከረ፤ ከተማው ታመሰ። ሊቀመንበሩ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። አንደኛው ሽማግሌ ሞቱ። እኔ ሌላው ነግሯታል ብዬ፣ ሌላውም እኔን ብሎ... ከዚያ አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝቻት ‹ቦንሳ ደብዳቤ ጻፈ ወይ፣ እናንተ ጋ ይመጣል አሉ› ብላ ጠየቀችኝ። ያኔ ነው ማንም እንዳልነገራት ያወቅሁት። አንድ ዓመት አልፎ ነበር። ዓመት ሙሉ የት ነበራችሁ ብትለኝ ምን እላለሁ?»

ውዳሴ ወደ መሬት አየች።

«ሰኞ መኪናው ይምጣ» አሉ ጋሽ ማሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከሌላው ወረቀት ጋር ይሂድ። አሮጊት ናት፤ በተስፋዋ ትኑርበት። እንደዚህ እንደዛሬው ስትስቅ አታያትም? አንቺ ምሁር ነሽ፤ ይገባሻል።»

ውዳሴ ብዙ ልትል ትችል ነበር። የታሪክ መምህሮቿ ያስተማሯት ብዙ ቃል ነበር። ያወጣችው ግን ይህን ብቻ ነው፤ «እማማ ጤናዬ ቁምሳጥኑን በየቀኑ ይወለውሉት ነበር እኮ፣ ጋሽ ማሞ።»

ጋሽ ማሞ ኮፍያቸውን አንስተው አደረጉ። እንደገና አወለቁት። ከዚያ ስልካቸውን አወጡና የሶሬቲን ቁጥር ፈለጉ።

ሶሬቲ ቅዳሜ ከሥራ በቀጥታ መጣች። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ በካፖርቷ ሥር ያለውን ነጭ ጋዋን እንኳን አላወለቀችም። እናቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ለማኅበር ስለሚሄዱ አልነበሩም። ወረቀቱን ቆማ አነበበችው። ሲያልቅ ጣቷ ከግርጌው ቀን ላይ ቀረ።

«ይሄ የኔ ልደት ነው» አለች።

በሩ አጠገብ ወደ ቆሙት ጋሽ ማሞ ዞረች።

«ጋሽ ማሞ፣ እኔ ስዳር መሶብ ከተነሣ በኋላ እንኳን እናቴ ለሱ ድርሻ አስቀምጣ ነበር። ልጆቼ አይተውት የማያውቁት አጎት አላቸው፤ እናቴ በየዓመቱ ሹራብ ትገዛለታለች። ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ የሚሆን ሹራብ።» ለቅሶ አልነበረም ድምፅዋ ውስጥ፤ ድካም ነበር። «ይነገራት። በወጉ፣ እንደ ሰው፣ ይነገራት።»

መርዶ በቀን አይነገርም። እሑድ ጎሕ ሲቀድ ከማዘጋጃው ጓሮ ተገናኙ። ጋሽ ማሞ፣ ከዕድሩ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ሶሬቲና የእማማ ጤናዬ ጎረቤት ወይዘሮ ተናኘወርቅ፤ ሐዘንተኛ ሲወድቅ እንዴት እንደሚያዝ የምታውቅ፣ ክንደ ብርቱ ሴት ናት። ውዳሴ ወረቀቱን በፕላስቲክ ከታ ከኋላ ቆመች። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ መሬቱ ግን ጭቃ ነው፤ የሁሉም ጫማ ከብዷል።

እማማ ጤናዬ ገና ሲያንኳኩ ከፈቱ። ነቅተው ኖሯል። ደጃቸው ላይ የቆመውን ሰው አዩና ነጠላቸውን ሰበሰቡ። ሰው በዚህ ሰዓት ተሰብስቦ ሲመጣ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ዓይናቸው ቀድሞ የሄደው ወደ ሶሬቲ ነው።

«አለሽ» አሉ። «ልጆቹስ?»

«ደህና ናቸው፣ እማዬ።»

«ባልሽ?»

«እሱም ደህና ነው።»

አንድ በአንድ ፊታቸውን አዩ። ግራ ገባቸው።

«ታዲያ ማን ሞተብኝ? እኔ እኮ ሌላ ሰው የለኝም።»

ጋሽ ማሞ አንድ እርምጃ ቀረቡ። «ጤናዬ... ቦንሳ...» ብለው ቆሙ።

የአሮጊቷ ፊት በራ። ውዳሴ ያን ፊት ከዚያ በኋላ ልትረሳው ብትሞክርም አልቻለችም።

«መጣ?» አሉ።

ጋሽ ማሞ ኮፍያቸውን አወለቁ። ሽማግሌዎቹ መሬት አዩ። ሶሬቲ የእናቷን እጅ ያዘች። እማማ ጤናዬ ከአንዱ ወደ አንዱ እያዩ ቆይተው፣ ከሁሉ በኋላ ውዳሴ እጅ ላይ ያለውን ወረቀት አዩ። ያ ብርሃን ከፊታቸው ሲወጣ ቀስ ብሎ ነው የወጣው።

«አንብቢልኝ» አሉ።

ውዳሴ አነበበች። ድምፅዋ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ቀጥ አለ። ወታደር ቦንሳ ጉርሜሳ። ታኅሣሥ አሥራ አራት። ለቤተሰቦቻቸው እንዲነገር። እዚያ ላይ አቆመችና ወረቀቱን ልታጥፍ ጀመረች።

እማማ ጤናዬ ፊደል አልቆጠሩም። ዓይናቸው ግን ደህና ነው። ጣታቸውን ሰደው የወረቀቱን ግርጌ ነኩ።

«ይሄስ? ይሄ በእጅ የተጻፈው፣ ሰማያዊው?»

ውዳሴ ጋሽ ማሞን አየች። እሳቸው አላዩዋትም።

«‹ለጊዜው ይቆይ። አራስ ናት› ይላል፣ እማማ። የካቲት ዘጠኝ ነው የተጻፈው። ሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት።»

ከሩቅ የብስራተ ገብርኤል ቅዳሴ በድምፅ ማጉያ ይሰማ ነበር። እማማ ጤናዬ ሶሬቲን አዩ፣ እንደገና ወረቀቱን አዩ። ያን ቀን እያስታወሱ መሆኑ ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር፤ ክፍሉን፣ አልጋውን፣ የገባውንና የወጣውን ሰው። ከዚያ ወደ ጋሽ ማሞ ዞሩ።

«መጥተህ ነበር» አሉ። «ገንፎ በላህ።»

«ጤናዬ፣ አራስ ነበርሽ፤ እንዴት ብለን...»

«ቅቤ ይጨመርለት፣ ማሞ አይፈር ብዬ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ከአልጋዬ ላይ ሆኜ።»

ወይዘሮ ተናኘወርቅ ይህን ጊዜ እሪታዋን ለቀቀችው፤ ጎረቤት መብራት ማብራት ጀመረ። እማማ ጤናዬ ግን አልወደቁም። የተዘጋጀላቸው ክንድ ባዶውን ቀረ። ጭቃው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

ድንኳን ተተከለ። ሦስት ቀን ተቀመጡ። ለቅሶው እንግዳ ለቅሶ ነበር። ከመጣው ሰው አብዛኛው ቦንሳን አያውቀውም፤ የሚያውቁት አርጅተዋል ወይም ሞተዋል። አልቃሿ ስለ ቁመቱ ልታነሳ ትጀምርና ረጅም ይሁን አጭር የሚነግራት ታጣለች። ፎቶውም አልነበረም። እማማ ጤናዬ፣ ልጄ በሕይወት እያለ ፎቶ አልሰቅልም እንዳሉ የነበረችው አንዲት ጉርድ በዝናብ ተበላሽታ ኖሯል።

ውዳሴ ሁለተኛው ቀን ላይ ወደ ሙዚየሙ ሄደች። አዳራሹ ውስጥ፣ በመስታወት ሥር፣ የዘመቻ መመዝገቢያ ቅጾች ተደርድረዋል፤ ራሷ ነች የደረደረቻቸው። ከላዮቹ ሥር ባለው የቦንሳ ቅጽ ላይ ጉርድ ፎቶ ተለጥፏል። ያለ ፈቃድ መስታወት አይከፈትም የሚለውን ደንብም የጻፈችው እሷ ናት። ከፈተችው። ፎቶውን በምላጭ ፈልቅቃ አደባባዩ አጠገብ ካለው ፎቶ ቤት አሳድጋ አመጣችው። ድንኳኑ መሃል ሲቆም ሰው ሁሉ ወደ ፎቶው ዞረ። ጢሙ ያልበቀለ፣ ኮሌታው የሰፋበት ልጅ ነው። ሶሬቲ ፊቱ ቆማ ብዙ አየችው። ታላቅ ወንድሟ ፎቶው ላይ ከበኩር ልጇ በሁለት ዓመት ብቻ ይበልጣል።

ጋሽ ማሞ ሦስቱንም ቀን መጥተዋል። ከድንኳኑ ጥግ፣ ውኃ ከሚያንጠባጥብበት በኩል ተቀምጠው ነበር። በሦስተኛው ቀን ምግብ ሲዞር ሳህኑን በእጃቸው ወደ ጎን አሉት። እማማ ጤናዬ ከተቀመጡበት አዩዋቸው። ከእሑድ ጀምሮ ጮክ ብለው ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነበር።

«ብላ እንጂ፣ ማሞ። አንተ እኮ ትችላለህ።»

ጋሽ ማሞ ሳህኑን ተቀበሉ። አንድ ጉርሻ ጠቀለሉ። እጃቸው ላይ እንደያዙት ሰው እስኪበተን ድረስ ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲህ ወደ ሙዚየሙ አልመጡም። ፊርማቸውን የሚሻ ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ ይከማቻል። ሰኞ የመጣው መኪናም ሰው ሁሉ ለቅሶ ላይ ስለነበር ጥበቃው ከፍቶለት ቁምሳጥኑን ከነወረቀቱ ይዞ ሄደ። የቆመበት ቦታ በወለሉ ላይ አራት ማዕዘን ሆኖ ቀርቷል፤ ሰም ነክቶት የማያውቅ፣ ግራጫ እንጨት።

እማማ ጤናዬ በአርባው ማግስት መጡ። ጥቁር ለብሰዋል፣ ፀጉራቸው ተላጭቷል፤ ከወር በፊት የነበሩትን ሴት እጥፍ አርጅተዋል። ሶሬቲ ውጭ መኪና ይዛ ቆማለች። የቀበሌው ቤት ዕቃ ተጭኖ አልቋል፤ ብዙም አልነበረም። ከላይ፣ በፌስታል፣ የልጅ ሹራቦች ይታያሉ።

ወደ ውዳሴ ሳይሆን ወደ ጎኑ በር ሄዱ። ጎንበስ ብለው ድንጋዩን አነሱና ውጭ ወረወሩት።

«ዝጊው» አሉ።

ውዳሴ ገፋችው። ስንት ዓመት ዝናብ የጠጣ እንጨት ነው፤ አብጧል፤ ከመቃኑ አልገጥም አለ። በትከሻዋ ገፋችው። አልሆነም። ከላይ ገጥሞ ከታች የእጅ መዳፍ የምታስገባ ክፍተት ቀረች።

«አናጢ እጠራለሁ፣ እማማ። ነገ ይላጋል።»

እማማ ጤናዬ ክፍተቷን ቆመው አዩ። ውዳሴ አንድ ነገር ልትላቸው ፈለገች። ደግ ሠራሁ ወይስ በደልኩዎት ብላ ልትጠይቃቸው ፈለገች። አርባ ቀን ሙሉ ሌላ ነገር አላሰበችም። ቃሉ ግን እንደ ልማዱ አንገቷ ሥር ቀረ። እሳቸው ደግሞ እንደ ድሮው ድምፅሽን ምን በላው አላሏትም።

«እንግዲህ» ብለው ብቻ ወጡ፤ በዋናው በር።

መኪናው ወደ ጎፋ ሲታጠፍ ውዳሴ ከመስኮቱ አየችው። ከዚያ መወልወያውን ከቆመበት አንስታ በጎኑ በር ሥር መግባት የጀመረውን ውኃ ማድረቅ ያዘች።